ወለዱ ዜሮ ከሆነ እኛ ምንድን ነው እየከፈልን ያለነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከደሴ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ክረምቱ ጠንክሯል። የጦሳ ተራራ ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ይውላል፤ ገበያውም ቀዝቅዟል። ስለዚህ ጋዜጣችሁን ከፊት ገጹ እስከ ጨረታ ማስታወቂያው ድረስ የማነብበት ጊዜ አላጣሁም።

ባለፈው እትማችሁ ስለ አይ ኤም ኤፍ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ብድር የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብድሩ ወለድ ስለሌለው ከስጦታ ብዙም አይለይም ይላሉ። ይህንኑ ጮክ ብዬ ለጎረቤቴ ለሐጂ አነበብኩላቸው። ሐጂ ከሱቄ ቀጥሎ ጨርቅ ይሸጣሉ። ወለድ የሚባል ነገር በደጃቸው እንዲያልፍ አይፈልጉም። "እንግዲያ ሐላል ነው በለኛ!" ብለው ሳቁ። ትንሽ ቆዩና ደግሞ "ታዲያ ወለድ ከሌለው ይሄ ሁሉ ነገር የሚወደድብኝ ምን አድርጌ ነው?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የሳቸው ጥያቄ ነው።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። አራዳ አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ አንድ ያረጀ ፎቶኮፒ ማሽን። ከዚያ በፊት ግን ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። በሞዴል 19 ዕቃ ሳስገባ፣ በሞዴል 22 ሳስወጣ ነው ጸጉሬ የሸበተው። አሁን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ቁጥር ግን አነባለሁ።

ወለድ የለውም የተባለው እውነት ነው። ይህን መካድ አይገባም። አይ ኤም ኤፍ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለአገራችን የፈቀደው 3.4 ቢሊዮን ዶላር በአራት ዓመት የሚለቀቅ ነው። ወለዱ ዜሮ ነው። አምስት ዓመት ተኩል የእፎይታ ጊዜ አለው። ከፍሎ ለመጨረስ አሥር ዓመት ይሰጣል። እንዲህ ዓይነት ብድር ደሴ ውስጥ ማን ይሰጠኛል? የአራጣ አበዳሪ እንኳን ዓመት አይታገስም።

ግን ያቺን ቀን አስታውሱልኝ። ሰኞ ነበር፤ የገበያ ቀን። ጠዋት ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከእንግዲህ በገበያ ይወሰናል ብሎ አወጀ። በዚያው ዕለት ዋሽንግተን የተቀመጠው የአይ ኤም ኤፍ ቦርድ ብድሩን አጸደቀ። የመጀመሪያው አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማም ተለቀቀ። በማግስቱ የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ጨመረ፤ ከዚህ ውስጥ አንዱ ቢሊዮን እርዳታ ነው። 57 ብር የነበረው ዶላር በዕለቱ ከ74 ብር አለፈ። ዓመት ሳይሞላው፣ በሐምሌ 2017 ከ130 ብር በላይ ደረሰ።

እንግዲህ ዋጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብሩን ለገበያ መልቀቅ የብድሩ ቅድመ ሁኔታ ነበር። ወለዱን ብቻ የሚያይ ሰው የውሉን ሁለተኛ ገጽ አላየም ማለት ነው።

ይህን ነገር ካሁን በፊት አይቼዋለሁ። በ1985 ዓ.ም. መስከረም፣ የመዋቅር ማስተካከያ የሚባለው የአይ ኤም ኤፍና የዓለም ባንክ ፕሮግራም ሲመጣ፣ 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው ዶላር በአንድ ጊዜ 5 ብር ገባ። እኔ ያኔ መጋዘን ነኝ። መደርደሪያው ላይ ከውጭ የመጣ የጨርቅ ማቅለሚያ በበርሜል ተደርድሯል። የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱ ላይ የአንዱ በርሜል ዋጋ ተጽፏል። ቀጥሎ የመጣው በርሜል ያው ፋብሪካ ያመረተው፣ ያው ቀለም፣ ያው ክብደት ነው። ዋጋው ግን ከእጥፍ በላይ ሆኖ መጣ። አለቃዬ ካርዱን አየና "ተሳስተህ ነው፣ ድገመው" አለኝ። ደገምኩት። ያው ነው። "ዕቃው አልተለወጠም ጌታዬ፣ ብሩ ነው የቀለለው" አልኩት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ፋብሪካው ውስጥ "ብሩ የቀለለው" የሚል ቅጽል ስም ወጥቶልኝ ነበር። ይሄ ለጉዳዩ አይጠቅምም፤ ትዝ ስላለኝ ነው።

ወደ ሱቄ ልመለስ። ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ማመን አለብኝ። የፎቶኮፒ ቶነርን የ2016ቱ አዋጅ አላስወደደውም። ቶነሩን የማመጣው ከመርካቶ ነው። የመርካቶው ነጋዴ ዶላር ከባንክ ስለማያገኝ ቀድሞውንም የሚያሰላው በጥቁር ገበያ ነበር። ጥቁር ገበያው ደግሞ ያኔም ከ110 ብር በላይ ነበር። ስለዚህ ተንታኞቹ በቴሌቪዥን "ዋጋው እኮ ድሮም በጥቁር ገበያ የተተመነ ነው" ሲሉ ከነጭራሹ አልዋሹም። ለቶነር እውነት ነው። ለሞባይል ቀፎም እውነት ነው።

ለመድኃኒት ግን አይደለም። ለነዳጅም አይደለም። ለማዳበሪያም አይደለም። እነዚህ በባንክ ዋጋ ይገቡ የነበሩ ናቸው። በ57 ብር ሲሰላ የኖረ ነገር በ130 ሲሰላ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። መንግሥት ለጊዜው እደጉማለሁ አለ፤ ደጎመም። ድጎማው ግን ቀስ በቀስ እየተነሳ ነው። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ቆየ። የደሴና የኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ የሚሳፈር ሁሉ ይህን በኪሱ ያውቀዋል።

ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። መድኃኒቷን የምንገዛበት ቤት ያለው ልጅ ጨዋ ነው። ባለፈው ስሄድ ማስታወሻውን አየና ዝም አለ። ከዚያ "ጋሼ፣ የድሮው አልቋል። አዲሱ በአዲሱ ዋጋ ነው የገባው" አለኝ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የግማሹን ገዛሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ቆጠረችው። ቆጥራ ስትጨርስ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። እንዲያው ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተጨምሮለታል፤ ደግ ነው። የእኛ እድር አባላት ግን አብዛኞቹ ደመወዝ የላቸውም። ጉሊት ቸርቻሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጋሪ ነጂ፣ ጡረተኛ ነው። ለነሱ የደረሳቸው ሌላው ሌላው ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት ይጨምራል ተባለ። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ የመብራትና የውሃ ፍጆታ ላይ መጣ። የመንግሥት ገቢ ማደግ አለበት ይላል ውሉ። ገቢ ከየት ያድጋል? ከእኛ ነዋ።

አሁን ሐጂ የጠየቁኝን ጥያቄ በእድራችን ቋንቋ ልመልሰው። እድራችን ችግር ለገጠመው አባል ያበድራል። ወለድ የለውም። ዋስ ይጠራል፣ ይፈርማል፣ በወር በወር ይከፍላል። በቃ። "ብድሩን የምንሰጥህ የቤትህን በር ከከፈትክ፣ የልጆችህን ቁርስ ከቀነስክና የሱቅህን ዕቃ እኛ ባልንህ ዋጋ ከሸጥክ ነው" ብሎት የሚያውቅ የለም። ቢል ደግሞ ተበዳሪው በጠቅላላ ጉባኤ ይነሳና ይናገራል። ባለ ፎቁም የጉሊት ነጋዴዋም አንድ አንድ እጅ ነው የሚያነሱት።

አይ ኤም ኤፍ ላይ እጅ የሚቆጠረው በገንዘብ ነው። አሜሪካ ብቻዋን 16.5 በመቶ ያህል ድምፅ አላት። ትልልቅ ውሳኔ ለማሳለፍ 85 በመቶ ያስፈልጋል። ሒሳቡን እርስዎ ይሥሩት፤ እሷ እምቢ ካለች አያልፍም። የእኛ ድርሻ ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ነው። የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ከመጀመሪያው ጀምሮ አሜሪካ ያቀረበችው ሰው ነው። የአይ ኤም ኤፍ ዋና ዳይሬክተር ደግሞ ሁልጊዜ ከአውሮፓ ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች አብዛኞቹ በአይ ኤም ኤፍ ቦርድ ላይ ሁለት ወንበር ተካፍለው ኖረው፣ ሦስተኛው የተጨመረላቸው በ2017 ጥቅምት ነው። ወንበሮቹ 25 ናቸው።

"ብዙ ያዋጣ ብዙ ይወስን" የሚል ይኖራል። በአክሲዮን ማኅበር ልክ ነው። እዚህ ግን ብዙ ያዋጣው ሰው ተበዳሪ አይደለም። ውሳኔው የሚገባው ሌላ ሰው ቤት ነው።

በዚህ ላይ እኛ ለዚህ ማኅበር እንግዳ አይደለንም። በ1936 ዓ.ም. ክረምት ብሬተን ዉድስ በሚባል የአሜሪካ ስፍራ 44 አገሮች ተሰብስበው አይ ኤም ኤፍንና የዓለም ባንክን ሲመሠርቱ ኢትዮጵያ ነበረች። ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ነበሩ የእኛ ተወካይ። ከአፍሪካ የተገኘነው እኛ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነን። በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያውን ብድር ሲሰጥም ለእኛ ነው የሰጠው፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ለልማት ባንክ። እንግዲህ መሥራች አባል ነን፣ የመጀመሪያ ደንበኛም ነን። በእድር ቢሆን ይሄኔ ከፊት ወንበር ነበር የምንቀመጠው።

ሁሉንም ጥፋት ወደ ዋሽንግተን መወርወር ግን አልወድም። ከሐረጎ ዳገት ላይ ቆመው ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲያዩ የባቡሩ ነገር ዓይንዎ ውስጥ ይገባል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ነው። ውሉ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። የሠራው የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ነው። ገንዘቡ ከቱርክ ኤግዚም ባንክና በስዊዘርላንዱ ክሬዲት ስዊስ ከሚመሩ የአውሮፓ ባንኮች የተበደርነው ነው። ይሄ እንግዲህ እንደ አይ ኤም ኤፉ ዜሮ ወለድ አይደለም። ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ጣቢያው ተሠራ፣ የኤሌክትሪኩ ነገር ግን ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ ጦርነት መጣና የተሠራውም ተዘረፈ። እስከዛሬ መንገደኛ ጭኖ ሲሄድ አላየሁም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። መብራት ሳያዘጋጅ በመብራት የሚሄድ ባቡር የተበደረው ማነው? እሱ አሜሪካዊ አይደለም። አማርኛ ይናገራል።

ግን የክሬዲት ስዊስን መጨረሻ ልብ ይበሉልኝ። ይህ ባንክ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ራሱ ሊወድቅ ደረሰ። የስዊዘርላንድ መንግሥትና ማዕከላዊ ባንክ ተሯሯጡ። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ጉዳዩ አለቀ፤ ዩ ቢ ኤስ የሚባለው ባንክ ገዛው። እኛ ደግሞ ዕዳችን ይሸጋሸግልን ብለን በጥር 2013 ዓ.ም. ቡድን 20 በሚባለው የባለ ትልልቅ ኢኮኖሚ አገሮች ስብስብ በኩል አመለከትን። ፈረንሳይና ቻይና የሚመሩት የአበዳሪ አገሮች ኮሚቴ 8.4 ቢሊዮን ዶላሩን ለማሸጋሸግ በመርህ ደረጃ የተስማማው በመጋቢት 2017 ነው። አራት ዓመት ከሁለት ወር! ለባንክ ቅዳሜና እሁድ፣ ለ100 ሚሊዮን ሕዝብ አራት ዓመት። ዛምቢያም በ2013 መክፈል አቅቷት ነገሩ የሰከነላት በ2016 ነው።

አንድ ሌላ ሒሳብ ደግሞ ራሴ ሠራሁ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ዩሮቦንድ የሚባለውን በውጭ ገበያ የሚሸጥ የዕዳ ሰነድ ሸጦ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ለስኳር፣ ለኤሌክትሪክ መስመርና ለኢንዱስትሪ ፓርክ ተብሎ ነው። ወለዱ 6.625 በመቶ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ 33 ሚሊዮን ዶላር። በታኅሣሥ 2016 ያን 33 ሚሊዮን ሳንከፍል ቀረን፤ መንግሥት አበዳሪዎቼን ሁሉ እኩል ላያቸው ስለምፈልግ ነው አለ። እስከዚያ ድረስ ግን 17 ጊዜ ተከፍሏል። 17 ጊዜ 33 ሚሊዮን፣ ከፍርፋሪው ጋር 563 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። ከዋናው ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ዋናው ቢሊዮን ግን እስከ 2017 ምንም ሳይነካ እንደ ተቀመጠ ነበር። በ2017 መጀመሪያ መንግሥት 18 በመቶ ይቀነስልን ሲል ቦንዱን የያዙት አይሆንም አሉ።

ሐጂ ይህን ስነግራቸው ሳቁን ትተውት ነበር። "ይሄኛው ነው እንግዲህ ሪባው" አሉ፤ በእስልምና የተከለከለውን ወለድ ማለታቸው ነው።

ልክ ናቸው። ራሱ የዓለም ባንክ ያወጣው ሒሳብ ይህንኑ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ታዳጊ አገሮች በጠቅላላ ለውጭ ዕዳ 1.4 ትሪሊዮን ዶላር ከፍለዋል፤ ወለዱ ብቻ 406 ቢሊዮን ነው። ከ2022 ወዲህ የግል አበዳሪዎች ለመንግሥታቱ ካበደሩት በላይ 141 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሰብስበዋል። እንደ ዓለም ባንክ ያሉት ደግሞ በተቃራኒው፣ በሁለት ዓመት ከተቀበሉት 51 ቢሊዮን ያህል የበለጠ ሰጥተዋል። እኔ እንደ መጋዘን ሰው ሳነበው እንዲህ ነው የሚታየኝ፦ በፊት በር በሞዴል 19 ይገባል፣ በጓሮ በር በሞዴል 22 ይወጣል። መጋዘኑ ውስጥ የሚቀረው የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱ ነው። ዜሮ ወለዱ ብድር የሚመጣው ባለ ወለዱ አበዳሪ ገንዘቡን እንዳያጣ ነው ብል ማን ያስተባብለኛል?

ለኮምቦልቻ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ሲመረቅ እዚያው ነበርኩ። ልብስ ሰፍተን ወደ አሜሪካ እንልካለን፣ ዶላር እናመጣለን፣ በዶላሩ ዕዳ እንከፍላለን ተባለ። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ በጦርነቱ ምክንያት ያለ ቀረጥ ዕቃ እንድንሸጥላት ከሚፈቅደው ከአጎዋ አስወጣችን። ምክንያቷን አልከራከርም። ጦርነቱ እዚሁ ደጃችን ነበር፤ ያን ጥቅምትና ኅዳር እኔም ሱቄን ባዶውን ነው ያገኘሁት። ግን የሒሳቡን መልክ አስተውሉ። ዕዳ ይከፈል በሚለው ጠረጴዛ ላይ ትልቁ ድምፅ ያላት አገር፣ ዕዳው የሚከፈልበትን በር ዘጋች። ፓርኩ ውስጥ ትሠራ የነበረች የእህቴ ልጅ አሁን ሻሸመኔ ሱቅ ተቀጥራለች።

ወደ ዋናው ልምጣ። ቅድመ ሁኔታው ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። የጥቁር ገበያ ደላላ ሲበለጽግ መኖሩ ያበሳጨኝ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት ብር እያተመ ማበደሩን ቢያቆም ደስ ይለኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ማን ተጠየቀ የሚለው ነው። ኬንያ በሰኔ 2016 ወጣቶቹ በታክሱ ሕግ ላይ ወጡ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን መለሰው። እንዲያ ይሁን እያልኩ አይደለም፤ ከነገሩ ጦም እደሩ። ነገር ግን ቢያንስ እነሱ ሕጉ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር።

እኛ አናውቅም። ለምን ብትሉ፣ ውሉ በእንግሊዝኛ ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩና የብሔራዊ ባንክ ገዥው ለአይ ኤም ኤፍ የሚጽፉት የፍላጎት ደብዳቤ የሚባል ነገር አለ። ምን ምን እናደርጋለን፣ እስከ መቼ፣ የቱ ካልተፈጸመ ገንዘቡ አይለቀቅም የሚለው በሠንጠረዥ ተዘርዝሯል። ምሥጢር አይደለም፤ ለሕዝብ ክፍት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የወንድሜ ልጅ አውርዶ አመጣልኝ። ወፍራም ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ቀን ታገልኩ፤ ሦስት ገጽ አለፍኩ። በመሃል መብራት ጠፋ።

እዚህ ጋ ነው ጋዜጣችሁን የምለምነው። ስለ ብድሩ የሚተነትን ጽሑፍ በየሳምንቱ ታወጣላችሁ። እባካችሁ አንድ ጊዜ ውሉን ራሱን አውጡት። ደብዳቤውንና ሠንጠረዡን በአማርኛ ተርጉሙና፣ ያለ ሐተታ፣ በተከታታይ እትም አትሙልን። ቃሉ ሲከብዳችሁ ቀለል አድርጉት፤ የእድራችን ሴቶች እንዲገባቸው አድርጋችሁ ጻፉት። በየትኛው ወር መብራት እንደሚጨምር፣ የትኛው ድጎማ መቼ እንደሚነሳ ቀድመን ካወቅን ቢያንስ የመድኃኒት መግዣ እናስቀምጣለን።

ጋዜጣችሁ ደሴ የሚደርሰው በጥቂት ቅጂ ነው፤ አውቃለሁ። እሱን ለእኔ ተዉት። የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ነሐሴ ውስጥ ነው፤ 180 አባወራ አለን። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ፎቶኮፒ አነሳለሁ። ለሐጂ በትልቁ ፊደል። የቶነሩን ዋጋ እኔ እችለዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእድር ጸሐፊ
አራዳ፣ ደሴ
ሐምሌ 2017 ዓ.ም.